ቁጥር ሰባት

ሁለት ወር ጠበቅነው። ሁለት ወር ሙሉውን
ከጋሽ ዘውገ ሱቅ በር እየተመላለስን፤
"መጣ ወይ?" ስንለው፣ በመስታወቱ ላይ
ጣቱን ያወዛውዛል ቀና ብሎ ሳያይ።

በቁጥር ስድስት ላይ ትተነው የሄድነው
መብረቁ ከገደል ተንጠልጥሎ ነው፤
ጥቀርሻ በጫማው ጣቶቹን ረግጦ፣
አንዱ ጣት ተላቆ፣ ሌላው ሊለቅ አፍጦ፣
ከታች ጉም፣ ከጉሙ ሥር ደግሞ ምንም የለ።
ማንያዘዋል "ይወድቃል"፣ ሸዋንግዛው "አይወድቅም" አለ።
ተወራረዱበት በአንድ ፓኮ ብስኩት፤
እኔ ዳኛ ሆንኩኝ፣ ብስኩቱን ያዝኩት።

አሥር ብር ቢያጥረን እህቴ ውድነሽ
ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጸጉሯ ሱፍ ለብሶ መጥታ
"እንኩ" አለች፣ ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈትታ፤
"ግን ሲያልቅ ለእኔም ትነግሩኛላችሁ።"

ሐሙስ ለት አውቶቡስ ሸኖ ላይ ጉም ይዞት
በአሥር ሰዓት ፈንታ አንድ ተኩል ገባ፤
ጋሽ ዘውገ ካርቶኑን በቢላዋ ቀዶት
ሽታው አዲስ ቀለም፣ ሽፋኑ እንደ አበባ።
ሽፋኑ ላይ እሳት። ሽፋኑ ላይ ጩኸት፣ ሽፋኑ ላይ መብረቁ፤
"ታላቁ ፍልሚያ!" ይላል፣ በቀይ፣ በደማቁ።

ከመንገድ መብራት ሥር ሦስት ራስ ገጠምን።

ገጽ አንድ። መብረቁ ወንበር ላይ ተቀምጧል።
ከገደሉ እንዴት ወጣ? ወጥቷል በቃ። ወጥቷል።
ገጽ ሦስት። ከአለቃው ጋር ስለ በጀት ያወራል።
ገጽ አምስት። አለቃው ስለ በጀት ይመልሳል።
ገጽ ዘጠኝ ላይ ሻይ መጣ።
ገጽ አሥር ላይ ቀዘቀዘ፣ እሱም በሁለት ሥዕል፤
አንዱ እንፋሎት ያለው፣ አንዱ እንፋሎት የሌለው የብርጭቆ ምስል።
ጥቀርሻስ? ጥቀርሻ ደብዳቤ ልኳል፤
"ስላልተመቸኝ ነው" ብሎ ይቅርታ ጠይቋል።
ሃያ አራት ገጽ ሙሉ አንድ ቡጢ አልተሰነዘረ፣
አንዲት መስኮት እንኳ፣ አንድ ሰሃን እንኳ አልተሰበረ።
በመጨረሻው ገጽ በሩን ከፍቶ ወጣ፤
ማንያዘዋል ክንዴን ያዘኝ፦ "አሁን መጣ! አሁን መጣ!"
ደጅ ቆመ። ሰማይ አየ። ከሥሩ አንዲት ቃል፦
"ይቀጥላል።"

ዝም አልን። ሸዋንግዛው ካባውን በጥፍሩ ነካ፤
"ደጅ ቆሞ፣ እንደ መጋረጃ ቀጥ ብሎ ወርዷል" አለ፤ "ለካ
የሳለው ሰውዬ ደብረ ብርሃን መጥቶ አያውቅም።"

እውነቱን ነው። የእኛ ነፋስ ቆሞ ለሚያስብ ሰው ጊዜ አይሰጥም፤
የሒሳብ መምህራችንን ክራባት ከጀርባው ይጥላል፣
የዳቦ ቤቱን ታፔላ ከነምስማሩ ነቅሎ ጠባሴ ያደርሳል።
ከፋብሪካ የተረፈ የብርድ ልብስ ቁራጭ
አንገታችን ላይ ቋጥረን ቁልቁል ስንሮጥ
እኛን እንኳ፣ እኛን እንኳ ሊያነሳን ይቃጣው ነበር።

ውርርዱን ሸዋንግዛው በላ። ብስኩቱን እኔ፣
ገና በሁለተኛው ሳምንት።
ግን አልጠየቀኝም። እንዲህ ያለ ማሸነፍ
ምን ብሎ ይጠይቃል?

ቤት ስገባ ውድነሽ አንድ ጫማዋን አውልቃ
አልጋ ጫፍ ላይ ነበረች። "እህስ? እንዴት ሆነ?"
ሻይ ጠጣ ልበላት? በአሥር ብሯ?
"ወደቀ" አልኳት። "ጉሙ ውስጥ ወደቀ፤
ግን ጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ አንድ ሲኖ ትራክ
ጭድ ጭኖ ሲወጣ..." እጄን አወራጨሁ፣
ጥቀርሻን በዋሻው ግድግዳ ሁለቴ አላተምኩት፤
ሦስተኛው ላይ ዞር ብዬ ሳያት
ተኝታለች፣ ሌላው ጫማ እግሯ ላይ እንዳለ።

መስኮታችን ድሮም አይገጥምም፤ በስንጥቁ
ሌሊት ሌሊት ያፏጫል።
ቁጥር ሰባትን በቁመቱ አጥፌ ወተፍኩት።
ፉጨቱ ቆመ።
ወደ እኔ የዞረው የመጨረሻው ገጽ ነው፣
ያ ደጅ የቆመበት።
ዓይኔን ልጨፍን ስል
የወረቀቱ ጫፍ፣ ካባው በተሳለበት በኩል፣
ተንቀሳቀሰ።
ትንሽ። ከዚያ ደግሞ።